ባለሥልጣን ሲያጠፋ መርማሪውን ማን ሊሽረው ይችላል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምደግፈው ፓርቲ ባለሥልጣን ጥፋት ሲገኝበት ወዳጆቼ ‹የእነዚያኞቹስ?› ይላሉ። እነዚያኞቹ ሲያጠፉ ደግሞ እነዚሁ ወዳጆቼ ‹ሕግ ይከበር› ብለው ይነሣሉ። ሰው ሁሉ በሁለት ሚዛን የሚመዝን ከሆነ፣ አንድ ባለሥልጣን በእኩል ተጠየቀ ወይም አልተጠየቀም ለማለት ምን መለያ አለኝ? ያለመከሰስ መብት የሚባለውስ ራሱ በሕግ የተጻፈ አድልዎ አይደለም ወይ?»

ሙያዬ የሕገ መንግሥት ሕግ በመሆኑ ይህን መሰል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። የራሱን ወገን ጭምር ተጠያቂ አድርጎ የሚያቀርበው ሰው ግን ጥቂት ነው። ጠያቂያችንን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጉዳዩም ዘርዘር ያለ ምላሽ ይገባዋል።

ብዙዎቻችን ሁለት ሚዛንን የምንፈልገው በባለሥልጣኑ ቃልና ተግባር መካከል ነው። ትናንት እንዲህ ብሎ ነበር፣ ዛሬ እንዲህ አደረገ እንላለን። ይህ ግብዝነቱን ያጋልጣል፤ ግብዝነትም ያናድዳል። ሰውየው ግን ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም የሚለውን አይነግረንም። እኔ አስቀድሜ የማየው ጥፋቱን የሚመረምረው ማን እንደሆነና ያንን መርማሪ ከሥራው ሊያነሣው የሚችለው ማን እንደሆነ ነው። የተመርማሪው እጅ ከመርማሪው ወንበር ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ ሪፖርቱ ምንም ያህል ገጽ ቢኖረው ሊታመን አይገባውም።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ንካንድላ በተባለ የገጠር ስፍራ የግል መኖሪያ ነበራቸው። ለደኅንነታቸው ሲባል ቤቱ በመንግሥት ወጪ እንዲጠናከር ተወሰነ። የሕዝብ ጠባቂ የሚባለው፣ ከእንባ ጠባቂ ጋር የሚመሳሰል ተቋም ኃላፊ የነበሩት ቱሊ ማዶንሴላ በማርች 2014 ምርመራቸውን ይፋ ሲያደርጉ፣ ወጪው ከ200 ሚሊዮን ራንድ በላይ ሄዶ ተገኘ። ከተሠራው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ፣ የከብት በረት፣ የዶሮ ቤት፣ የእንግዳ መቀበያና አምፊቴአትር ነበሩበት። እነዚህ ከጥበቃ ጋር ግንኙነት ስለሌላቸው ፕሬዚዳንቱ ከወጪው ተገቢውን ድርሻ ለመንግሥት ይመልሱ ሲሉ ማዶንሴላ አዘዙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለጥያቄያችን ቁልፍ ነው። ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ሚኒስትሩ ተመራ። ሚኒስትሩን የሾሟቸው ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ በማግሥቱ ሊያነሷቸውም ይችላሉ። ሚኒስትሩ በሜይ 2015 ባቀረቡት ሪፖርት ፕሬዚዳንቱ ምንም የሚከፍሉት የለም አሉ። ገንዳው የእሳት አደጋ ቢነሣ ውሃ የሚቀዳበት እንጂ የመዋኛ አይደለም ተባለ። በረቱም፣ የዶሮው ቤትም ለጥበቃ ያስፈልጋሉ ተባለ። ከገንዳው ውሃ እየተሳበ እሳት ማጥፋት እንደሚቻል የሚያሳይ ቪዲዮ ሳይቀር ለጋዜጠኞች ቀረበ። በገዥው ፓርቲ አብላጫ ድምፅ የሚመራው ብሔራዊ ምክር ቤትም ይህንኑ ተቀብሎ ፕሬዚዳንቱን ነጻ አወጣቸው።

ሚኒስትሩ ያን ጊዜ በልባቸው ምን ያስቡ እንደነበር ማወቅ አያሻንም። ምናልባት ያሉትን ከልባቸው አምነውበት ይሆናል። ቁም ነገሩ፣ ሌላ መልስ ቢሰጡ ሥራቸውን ሊያጡ ይችሉ ነበር። እንዲህ ባለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እውነቱን ቢናገር እንኳ እውነት መሆኑን የምናረጋግጥበት መንገድ የለንም።

ማርች 31 ቀን 2016 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የሕዝብ ጠባቂዋ ያዘዙት እርምት በፍርድ ቤት እስካልተሻረ ድረስ አስገዳጅ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ሕገ መንግሥቱን የማክበርና የማስከበር ግዴታቸውን አልተወጡም፤ ምክር ቤቱም ፕሬዚዳንቱን የመጠየቅ ግዴታውን አልተወጣም አለ። የአገሪቱ ግምጃ ቤት ተመላሽ የሚሆነውን 7.8 ሚሊዮን ራንድ ብሎ ተመነ፤ ዙማም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ከባንክ ተበድረው ከፈሉ። ውሳኔውን ጽፈው በችሎት ያነበቡት ዋና ዳኛ ሞጎንግ ሞጎንግ በ2011 ለዚያ ቦታ የተሾሙት በማን ይመስልዎታል? በራሳቸው በዙማ ነው። ሚኒስትሩም ዳኛውም የአንድ ሰው ተሿሚዎች ሆነው ሳለ የተለያየ መልስ የሰጡት፣ አንደኛውን ፕሬዚዳንቱ ሊያነሱት ስለሚችሉ፣ ሌላውን ግን ስለማይችሉ ነው። ስለዚህ «የሾመው ማን ነው?» ከሚለው ይልቅ «ሊያነሣው የሚችለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ያሳያል። አብዛኛው ሰው የሚከራከረው ግን በመጀመሪያው ላይ ነው።

የዋተርጌት ጉዳይም (የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሰዎች የተቃዋሚውን ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡበትና በኋላ የተደባበቀው ቅሌት) በዚሁ መንገድ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ሪቻርድ ኒክሰን በኦክቶበር 1973 የተቀዱባቸውን የድምፅ ካሴቶች እንዲያስረክቡ ያስገደዳቸውን ልዩ ዐቃቤ ሕግ አርቺባልድ ኮክስን አስባረሩ። የፍትሕ ሚኒስትሩና ምክትላቸው አናባርርም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሦስተኛው ባለሥልጣን ግን ትእዛዙን ፈጸመ። በቀጣዩ ዓመት የሌሎች ካሴቶች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ጁላይ 24 ቀን 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ ይረከቡ ተባለ። ከስምንቱ ዳኞች ሦስቱን የሾሟቸው ራሳቸው ኒክሰን ነበሩ። ኒክሰን ዐቃቤ ሕጉን ሊያነሱ ቻሉ፤ ዳኞቹን ግን አልቻሉም። ከ16 ቀን በኋላ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የሚኒስትሮች የሥነ ምግባር ደንብ አለ። ደንቡ ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም የሚለውን የመጨረሻ ቃል የሚሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። በኖቬምበር 2020 የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥነ ምግባር አማካሪ አሌክስ አለን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ፕሪቲ ፓቴል በሠራተኞች አያያዛቸው ደንቡን ጥሰዋል ሲሉ አረጋገጡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ግን አልጣሱም ብለው ወሰኑ። ጥፋቱን ያገኘው ሰው ሥራውን ለቀቀ፤ ጥፋቱ የተገኘባቸው ሚኒስትር በሥራቸው ቀጠሉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም የተጣሰ ሕግ የለም፤ ሁሉም በደንቡ መሠረት ነው የተከናወነው። ደንቡ ራሱ እንዲህ ተደርጎ ነበር የተሠራው።

ነገር ግን እዚያው አገር ጆንሰን ራሳቸው በተመረመሩበት ጊዜ የሆነው ሌላ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ሕዝቡ ቤቱ ተዘግቶበት ሳለ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትና አካባቢው ስለተደረጉት ግብዣዎች ፖሊስ ለ83 ሰዎች 126 የገንዘብ ቅጣቶችን ጣለ፤ ከተቀጡት አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበሩ። «ፓርላማውን ዋሽተዋል ወይ?» የሚለውን የመረመረው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሰባት አባላት ነበሩት፤ አራቱ የራሳቸው የጆንሰን ፓርቲ ሰዎች ናቸው። በጁን 2023 ሆን ብለው አሳስተዋል ብሎ ደመደመ፤ ምክር ቤቱም 354 ለ 7 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ጠያቂያችን ሰው ሁሉ ለወገኑ ያደላል ለሚሉት ይህ አንድ መልስ ነው። እውነት ነው፣ ያደላል። ሆኖም የሚፈራው ነገር ሲቀንስለትና ማስረጃው በአደባባይ ሲቀርብ፣ ያ አድልዎ እንደሚባለው የማይበገር ሆኖ አይገኝም።

አሁን ወደ «የእነዚያኞቹስ?» ልምጣ። ይህን ቃል ሁልጊዜ እንደ ማምለጫ መቁጠር ስህተት ነው። ሕግ በአንዱ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ «ለምን እኔ ብቻ?» ማለት ተገቢ የሆነ፣ ፍርድ ቤትም ሊሰማው የሚገባ አቤቱታ ነው። አንዱ ልጅ ሌላው የእንጀራ ልጅ የሚሆንበት ክስ ክሱ እውነት ቢሆን እንኳ ፍትሕን ያጎድፋል። የሚለየው ተናጋሪው በመጨረሻ የሚፈልገው ነገር ነው። «እነርሱም ይመርመሩ» የሚል ሰው ሕጉ እንዲሰፋ እየጠየቀ ነው። «ስለዚህ የእኛ ይተው» የሚል ሰው ግን የሌላውን ጥፋት የራሱ ወገን ፈቃድ እያደረገው ነው። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ቃል ስለሚጀምሩ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ያስፈልጋል። ሌላው ሳይከሰስ መቅረቱ የተከሰሰውን ንጹሕ አያደርገውም። ያልተከሰሰውም ቢሆን መቼም ሊከሰስ አይገባውም ማለት አይደለም።

ሁለት ጉዳዮችን አመሳስሎ ማወዳደርም ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ2021 የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ 60ኛ የልደት በዓላቸውን ለማክበር ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አንድ የተራራ መዝናኛ ሄዱ። በወቅቱ ከ10 ሰው በላይ እንዲህ ባለ ዝግጅት ላይ መሰብሰብ ክልክል ነበር፤ ክልከላውን በተደጋጋሚ ለሕዝብ ያስረዱ የነበሩትም እርሳቸው ናቸው። በምግብ ቤቱ የተገኙት የቤተሰቡ አባላት 13 ሆኑ። ፖሊስ 20,000 ክሮነር ቀጣቸው። አብረው ያቀዱት ባለቤታቸው አልተቀጡም፤ ምግብ ቤቱም አልተቀጣም። የአካባቢው የፖሊስ አዛዥ ምክንያቱን በግልጽ አስረዱ፦ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንቀጣውም ነበር፤ ነገር ግን ጠቅላይ ሚኒስትሯ የክልከላው ግንባር ቀደም ተጠሪ ስለሆኑ ሕዝቡ በሕጉ ላይ ያለው እምነት እንዳይሸረሸር ቅጣቱ አስፈላጊ ነው አሉ።

ይህ አድልዎ ነው? በኔ እምነት አይደለም። ሁለት ሚዛን የምንለው ሳይገለጽ የሚሠራውን፣ ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚደበቀውን ነው። ሥልጣን ላለው ሰው ከፍ ያለ መመዘኛ ማስቀመጥ፣ ምክንያቱም በአደባባይ ከተነገረና ነገ ለሚመጣው ባለሥልጣንም የሚሠራ ከሆነ፣ ከሥልጣኑ ጋር የሚመጣ ዕዳ ነው። ሕጉን ያወጣው ሰው ሕጉን አላወቅሁም ማለት አይችልም፤ ሌላውን የመቅጣት ኃይል ያለው ሰው የራሱ ጥፋት የሚያደርሰው ጉዳት ከተራው ሰው ጥፋት ይበልጣል። የሚያሳስበኝ የተገላቢጦሹ ነው፦ ተራው ሰው ወዲያው ሲቀጣ፣ ለባለሥልጣኑ ደግሞ «ነገሩ ውስብስብ ነው» ሲባልና አጣሪ ኮሚቴ ሲቋቋምለት።

አድልዎን ለመለየት በሥራዬ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አንድ ቀላል ልማድ አለ፤ የፋይሉን ቀን ማየት። አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን በሙስና ተከሰሰ የሚል ዜና ሲሰሙ፣ ተፈጸመ የተባለው ድርጊት መቼ እንደሆነና ምርመራው መቼ እንደተጀመረ ያስተያዩ። ድርጊቱ ዓመታት ያስቆጠረ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሆኖ ሳለ ፋይሉ የተከፈተው ሰውየው ከአለቃው ጋር በተጣላ ወይም ከሹመቱ በተነሣ ማግሥት ከሆነ፣ የተቀጣው ሙስናው ላይሆን ይችላል፤ ታማኝነቱን ማጣቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዘመቻ ሕዝቡን ያስደስታል፤ እኔን ግን ያስፈራኛል። ምክንያቱም በሥልጣን ላይ ለቀሩት ሌሎች የሚያስተላልፈው መልእክት «አትስረቁ» የሚል ሳይሆን «አትለዩን» የሚል ነው። በተቃራኒው ፋይሉ ሰውየው በሙሉ ኃይሉ ሳለ ተከፍቶ ከሆነ፣ ክሱ በኋላ ቢወድቅ እንኳ የአገሩ ተቋም ይሠራል ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ያለመከሰስ መብት ልለፍ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል የኖረውን ነገር ዘመናዊ ሕገ መንግሥት በሌላ ልብስ መልሶ አምጥቶታል ወይ? መልሱ እንደ መብቱ ዓይነት ይለያያል። የምክር ቤት አባል በምክር ቤት ውስጥ በተናገረው ወይም በሰጠው ድምፅ አይከሰስም የሚለው መብት በ1689 የእንግሊዝ የመብቶች ድንጋጌ ውስጥ ሲጻፍ፣ የታሰበው ንጉሡ የሚቃወሙትን እንደራሴዎች እንዳያስር ነው። ደካማውን ከኃይለኛው የሚጠብቅ ስለሆነ አድልዎ አልለውም። አስቸጋሪው የርእሰ ብሔሩ ወይም የርእሰ መንግሥቱ ነው፤ እዚያ ጥበቃው የሚሰጠው ለኃይለኛው ራሱ ነውና።

ፈረንሳይ ለዚህ አንድ መላ አበጅታለች። ዣክ ሺራክ የፓሪስ ከንቲባ በነበሩበት ዘመን የማዘጋጃ ቤቱን ገንዘብ ለፓርቲያቸው ሰዎች ደመወዝ አውለዋል ተብለው ተጠረጠሩ፤ ከዚያ ግን ለ12 ዓመታት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያ ጊዜ ሊከሰሱ አይችሉም ነበር። ነገር ግን ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት በ2001 የይርጋው ዘመን (ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ) በሥልጣን ላይ እስካሉ ድረስ አይቆጠርም ሲል ወሰነ፤ በ2007 ይኸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 67 ተጻፈ፤ ሥልጣኑ ካበቃ ከአንድ ወር በኋላም ክሱ ሊቀጥል እንደሚችል ተደነገገ። ሺራክ በዲሴምበር 2011 ጥፋተኛ ተብለው በገደብ የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ቅጣቱ ቀላል ነበር፤ ጉዳዩም ዘግይቷል። ሆኖም መብቱ ሰውየውን አልዋጠም፤ ያዘገየው ብቻ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁላይ 2024 የሄደበት መንገድ ከዚህ የራቀ ነው። 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ አንድ ፕሬዚዳንት ሕገ መንግሥቱ ለእርሱ ብቻ በሰጠው ዋና ሥልጣን ለፈጸመው ድርጊት ከሥልጣን ከወረደ በኋላም በወንጀል አይከሰስም፤ ለሌሎች ኦፊሴላዊ ድርጊቶቹም ቢያንስ፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ ጥበቃ እንዳለው ይገመታል፤ ጥበቃ የሌለው ለግል ድርጊቱ ብቻ ነው አለ። እዚህ ላይ መብቱ ከሥልጣን ዘመኑ ጋር አያበቃም። በኔ ግምት ይህ ማዘግየት መሆኑ ቀርቶ ነጻ መልቀቅ ሆኗል። እዚያው አገር ቀድሞም በምሕረት በኩል እንዲህ ያለ በር ተከፍቶ ነበር፦ ከኒክሰን ቀጥለው ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄራልድ ፎርድ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1974 ኒክሰንን ገና ክስ ሳይመሠረትባቸው ይቅርታ አደረጉላቸው፤ ለኒክሰን ሲሉ የምርመራውን እውነት የደበቁት ረዳቶቻቸው ግን ተፈርዶባቸው ወኅኒ ወረዱ። አለቃው ቤቱ፣ ታዛዡ እስር ቤት።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ነገሩ ያው ነው። የሮም ስምምነት አንቀጽ 27 የሥልጣን ደረጃ ማንንም ከዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አያድንም ይላል። ፍርድ ቤቱ በማርች 2023 በቭላድሚር ፑቲን ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ካመሰገኑት መንግሥታት አንዳንዶቹ፣ በኖቬምበር 2024 በቤንያሚን ኔታንያሁ ላይ ሲያወጣ ያንኑ ፍርድ ቤት አወገዙ፤ አሜሪካ በቀጣዩ ዓመት ማዕቀብ እስከ መጣል ደረሰች። አባል የሆነችው ሞንጎሊያ ፑቲንን በ2024 ተቀብላ ሸኘች፤ ያኔ አባል የነበረችው ሃንጋሪም በ2025 ኔታንያሁን እንዲሁ። በሁለቱም ወገን ያለው ሰው የሚጠቅሰው ሕግ አንድ ነው፤ የሚለየው የተከሳሹ ስም ነው።

አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ብዙ የማይወሳ አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። የአፍሪካ ኅብረት ከሴኔጋል ጋር ሆኖ ያቋቋመው ልዩ ችሎት የቀድሞውን የቻድ መሪ ሒሴን ሐብሬን ዳካር ላይ ዳኝቶ ሜይ 30 ቀን 2016 ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባቸው። ተጎጂዎቹ ከ15 ዓመት በላይ አገር ለአገር እየዞሩ ሲከራከሩ ኖረው ያገኙት ፍርድ ነው፤ በአህጉሩ ታሪክም ትልቅ ሥራ ነው። የሐብሬ ጉዳይ በምርመራ ላይ እያለ ግን፣ በጁን 2014 ያው ኅብረት ማላቦ ላይ ባጸደቀው ፕሮቶኮል ለወደፊቱ የአፍሪካ የወንጀል ችሎት በሥልጣን ላይ ያለ ርእሰ ብሔርና ከፍተኛ ባለሥልጣን አይከሰስም የሚል አንቀጽ አስገባ። ከሥልጣን የወረደው ይዳኛል፣ በሥልጣን ላይ ያለው አይነካም። መሪዎቹ ለራሳቸው የጻፉት ሕግ ስለሆነ ይህን አድልዎ ከማለት ሌላ ስም ላገኝለት አልቻልኩም። ከሥልጣን መውረድ የመከሰስ መጀመሪያ የሆነበት ሰው ሥልጣኑን በፈቃዱ ይለቃል ብሎ መጠበቅም ይከብዳል።

ስለዚህ ጠያቂያችን የየትኛውንም አገር ያለመከሰስ አንቀጽ ሲያነቡ መብቱ መኖሩን አይተው ብቻ አይፍረዱ። መብቱ የሚጠብቀው የሥራ ድርጊትን ነው ወይስ የግል ወንጀልንም ጭምር? የሚያነሣው ማን ነው? ምክር ቤቱ ከሆነ በምን ያህል ድምፅ፣ በግልጽ ነው ወይስ በምስጢር? ከሥልጣን ዘመኑ ጋር ያበቃል ወይስ ከሰውየው ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል? ከሁሉ በፊት ግን የይርጋውን አንቀጽ ይፈልጉ። ባለሥልጣኑ በወንበሩ ላይ እያለ ይርጋው መቁጠሩን የሚያቆም ከሆነ፣ መብቱ ሥራውን እንዳይታወክ የሚጠብቅ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ይርጋው እየቆጠረ የሚቀጥል ከሆነ ግን፣ ወንበሩን ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው ከክሱ ሙሉ በሙሉ ያመልጣል፤ በሥልጣን ላይ በቆየ ቁጥርም ጥቅሙ ይጨምርለታል።